የመጀመሪያ የሮም ጉዞ በጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሮምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ገንዘብ እያጠራቀሙ ያሉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ዋጋው በዩሮ፣ ዓመቱ፣ በዓላቱና ሰዓቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጠቅላላ ስንት ይበቃኛል?

መጀመሪያ ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ከቤት ሳትወጡ የሚያልቀው ነው፦ የአየር ትኬት፣ ቪዛ፣ የጉዞ መድን። ሁለተኛው ሮም ከገባችሁ በኋላ የሚወጣው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ይደምርና ድምሩ ሲያስደነግጠው ጉዞውን ይተወዋል። ለየብቻ ሲታዩ ግን የመጀመሪያው ቀስ በቀስ የሚከፈል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በእጃችሁ ያለ፣ ልትቀንሱትም ልትጨምሩትም የምትችሉት ነው።

አንድ ሰው፣ 5 ሌሊት፣ ሳይንደላቀቅ ግን ሳይራብ እንበል። ቀለል ያለ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የግል ክፍል በ80 ዩሮ ካገኛችሁ 400 ዩሮ። የከተማው የአዳር ግብር በ6 ዩሮ ሂሳብ 30። ከኤርፖርት በርካሹ ባቡር ደርሶ መልስ 16። ከተማ ውስጥ ለአውቶቡስና ለሜትሮ 20። ለኮሎሲየም (ጥንታዊው ግዙፍ ስታዲየም)፣ ለቫቲካን ሙዚየም ከቅድመ ማስያዣው ጋር፣ ለፓንቴዎንም (ጥንታዊው ቤተ መቅደስ) መግቢያ 48። ለምግብ በቀን 35 ብትይዙ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ግማሽ ግማሽ ቀን ስለሆኑ በ5 ቀን 175። ለስልክ ዳታ 15። ድምሩ 704 ዩሮ ነው። እዚያ ላይ የማይነካ 100 ዩሮ ጨምሩ። ይህ የእኔ ስሌት ነው። የክፍሉ ዋጋ እንደ ወቅቱ በጣም ስለሚለዋወጥ በምትሄዱበት ቀን ያለውን ዋጋ አይታችሁ ቁጥሩን ቀይሩት።

ገንዘቡ በብዛት የሚሄደው ምን ላይ ነው?

መኝታ ላይ። ከላይ ካለው 704 ውስጥ አዳርና የአዳር ግብር ብቻ 430 ወስደዋል። ሰዎች ግን ለመቆጠብ ሲያስቡ ቶሎ ብለው ወደ ምግብ ይሄዳሉ። ከምሳችሁ 3 ዩሮ ብትቀንሱ በ5 ቀን 15 ዩሮ ነው። የጉዞውን ቀን በሁለት ሳምንት ብታዘዋውሩ ግን ከአንድ ሌሊት ብቻ ከዚያ በላይ ልታተርፉ ትችላላችሁ። ሁለት ሆናችሁ አንድ ክፍል ብትይዙ ደግሞ የመኝታው ሂሳብ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

መቼ ብሄድ ይረክስልኛል?

ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ። የገናና የአዲስ ዓመት ሳምንታትን ግን ዝለሏቸው፤ ያኔ ዋጋው ተመልሶ ይሰቀላል። ውድ የሚባለው ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ጁን፣ ከዚያ ደግሞ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። ፋሲካ በዋለበት ሳምንት ከተማው በምእመናን ስለሚሞላ ርካሽ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነው።

ኦገስት አሳሳች ነው። አንዳንድ ሆቴል ዋጋ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን ከባድ ነው። ኦገስት 15 ትልቅ በዓላቸው ስለሆነ በዚያ ሰሞን ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ዘግተው ለእረፍት ይሄዳሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ጃንዋሪ አጋማሽን እመርጣለሁ። ይበርዳል፣ ሊዘንብም ይችላል፤ ግን ኮሎሲየም ውስጥ ቆም ብሎ ማየት ይቻላል።

ማረፊያ የት ሰፈር ልያዝ? ራቅ ብል አይሻልም?

በጣም አትራቁ። በቀን 15 ዩሮ ለማትረፍ ከከተማው ዳር የሚይዝ ሰው ትርፉን ጠዋትና ማታ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ሲመሽ ደግሞ ደክሞት ታክሲ ይይዛል፤ በቃ፣ ቁጠባው እዚያው አለቀ። ሮም በእግር የምትታይ ከተማ ናት። ከማረፊያችሁ ወጥታችሁ በእግር ወይም በአንድ ሜትሮ ከደረሳችሁ ቀኑ የእናንተ ነው።

ቴርሚኒ የሚባለው ትልቁ የባቡር ጣቢያ አካባቢ ርካሽ ማረፊያ አይጠፋም። ለመጓጓዣ አመቺ ነው፤ ውበትና ጸጥታ ግን አትጠብቁ። ሳን ጆቫኒ ሰፈርን የበለጠ እወደዋለሁ። ነዋሪው የሚበዛበት ነው፣ የሜትሮ ሁለት መስመሮች ይገናኙበታል፣ ኮሎሲየምም በእግር ይደረሳል። ሜትሮ ጣቢያው ራሱ መታየት ያለበት ነው፦ የሲ መስመርን ሲቆፍሩ ከመሬት ያወጧቸው ጥንታዊ ዕቃዎች እዚያው ግድግዳው ላይ በመስታወት ተደርድረዋል። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ዘመኑም ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1.50 ዩሮ የሜትሮ ትኬት ሙዚየም ማየት ማለት ነው።

ሆቴሉን ከፍያለሁ፤ ለምን እንደገና ክፈል ይሉኛል?

ማጭበርበር አይደለም፤ የከተማው የአዳር ግብር ነው። የሚታሰበው በሰው በሌሊት ነው። ባለ አንድ ኮከብ ሆቴል 4 ዩሮ፣ ባለ ሁለት 5፣ ባለ ሦስት 6፣ ባለ አራት 7.50፣ ባለ አምስት 10 ዩሮ። ሆስቴል 3.50 ነው። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም፤ በተከታታይ ከ10 ሌሊት በላይ ለሚቆይም ከ10ኛው በኋላ አይቆጠርም።

ኢንተርኔት ላይ ከምታዩት ዋጋ ውጭ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ስትደርሱ ወይም ስትወጡ እዚያው ይጠየቃል። ሁለት ሰው ባለ አራት ኮከብ ሆቴል 5 ሌሊት ቢያድር 75 ዩሮ ይመጣል። ለዚህ ገንዘቡን ለብቻው አስቀምጡና ደረሰኝ ተቀበሉ።

ከኤርፖርት ወደ ከተማው በምን ልግባ?

ትልቁ ኤርፖርት ፊዩሚቺኖ ነው። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ያደርሳል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ከዚያው ጣቢያ የሚነሳ ሌላ ባቡር አለ፤ በየጣቢያው የሚቆም፣ 8 ዩሮ። ይሄኛው ቴርሚኒ አይገባም። ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲየንሴና ቲቡርቲና ግን ይሄዳል። ማረፊያችሁን ከመያዛችሁ በፊት ይህን ብታውቁ ደርሶ መልስ 12 ዩሮ ታተርፋላችሁ። የአውቶቡስ ትኬት ከሁሉም ይረክሳል፤ የመንገድ መጨናነቅ ካለ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ታክሲ ቁርጥ ዋጋ አለው። ከፊዩሚቺኖ እስከ አሮጌው የከተማ ቅጥር ውስጥ፣ ማለትም የአውሬሊያን ግንብ እስከሚባለው ድረስ፣ 55 ዩሮ ነው። ከትንሹ ኤርፖርት ከቻምፒኖ ደግሞ 40። ሂሳቡ ለመኪናው ነው እንጂ በሰው አይደለም፤ ሻንጣም ጭምር ነው። አራት ሆናችሁ ሻንጣችሁ ከገባ ለአንድ ሰው 13.75 ይደርሳል፤ ከፈጣኑ ባቡር ይረክሳል ማለት ነው። በር ላይ ቆሞ «ታክሲ? ታክሲ?» እያለ የሚከተላችሁን ግን እለፉት። ሕጋዊዎቹ ነጭ መኪኖች ናቸው፣ ሰልፋቸውም ውጭ ላይ ነው።

ከተማ ውስጥ የቀን ትኬት ልግዛ ወይስ በየጊዜው ልክፈል?

አብዛኛው ሰው በየጊዜው ቢከፍል ይሻለዋል። አንዱ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ 100 ደቂቃ ይሠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አውቶቡስና ትራም መቀያየር ይቻላል፣ ሜትሮ ግን አንዴ ብቻ ነው። የ24 ሰዓቱ 8.50 ስለሆነ እንዲያዋጣ በቀን ስድስት ጊዜ መሳፈር አለባችሁ። በእግሩ የሚዞር ሰው ስድስት አይደርስም።

ባንክ ካርድ ማሽኑ ላይ አስነክቶ መሳፈርም ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሁሌ ያንኑ ካርድ አስነኩ፣ ለሁለት ሰው በአንድ ካርድ አትሞክሩ። የወረቀት ትኬት የያዘ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ማሽኑ ውስጥ ከትቶ ማስመታት አለበት። ትኬት ኪስ ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሳይመታ ከተያዘ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው፤ «አላወቅኩም» የሚባል ነገር አይሰሙም።

መኪና ስለመከራየት የምትጠይቁኝ አላችሁ። ለሮም ከተማ አይሆንም። መሀል ከተማው ፈቃድ የሌለው መኪና በተወሰነ ሰዓት የማይገባበት ክልል ነው። ካሜራው ሰሌዳችሁን ያነሳል፤ ቅጣቱም ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ በአከራዩ በኩል ይመጣል።

ለምግብ በቀን 35 ዩሮ በእውነት ይበቃል?

ይበቃል፣ ግን የቦታውን አሠራር ካወቃችሁ ነው። ዋናው ነገር ቡና ነው። ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚጠጣና ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠጣ አንድ ዋጋ አይከፍልም። ቆማችሁ ከጠጣችሁ ኤስፕሬሶ ብዙ ቦታ ከ1.20 እስከ 1.50 ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀኔ ላይ አንድ ስመ ጥር አደባባይ ዳር ተቀምጬ ያንኑ ስኒ ቡና አዘዝኩ። ሂሳቡ ሲመጣ ባንኮኒው ላይ ከተጻፈው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ዋጋው በር ላይ በግልጽ ተለጥፏል፤ ሁለት ዓምድ እንዳለው ያስተዋልኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ቁርሴን ሁልጊዜ ቆሜ በላሁ። ካፑቺኖና ኮርኔቶ የሚባለው ጣፋጭ ዳቦ አንድ ላይ ከ3 እስከ 4 ዩሮ ነው።

ለምሳ ተቆርጦ የሚሸጠውን ፒዛ ፈልጉ። ረጅም አራት ማዕዘን ትሪ ላይ ተጋግሮ መስታወት ውስጥ ይደረደራል፤ የሚሸጠው በክብደት ነው። ሻጩ ቢላውን ፒዛው ላይ አድርጎ ዓይን ዓይናችሁን ያያል፤ እናንተ በእጃችሁ «ወዲህ፣ ትንሽ ቀንስ» ትላላችሁ። ይቆርጣል፣ ሚዛን ላይ ያደርጋል፣ በመቀስ ለሁለት ከፍሎ በወረቀት ይጠቀልላል። የተለጠፈው ዋጋ የ100 ግራም ወይም የኪሎ ስለሆነ የቱ እንደሆነ አንብቡ። ሁለት ዓይነት ትንንሽ ቁራጭ ከ5 እስከ 8 ዩሮ ያጠግባል። ያን ጊዜ ማታ ተቀምጦ ፓስታ ለመብላት 15 ወይም 20 ዩሮ ይተርፋል። እሱን አትንፈጉ፤ ሮም ሄዶ አንድም ማታ ተረጋግቶ አለመብላት ያሳዝናል።

ውኃ አትግዙ። ከተማው ውስጥ 2,500 ገደማ የመንገድ ቧንቧዎች አሉ፣ ናሶኒ ይሏቸዋል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ያሉ የብረት ቧንቧዎች ናቸው። ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውኃ ይፈስባቸዋል። የታችኛውን አፍ በጣታችሁ ስትደፍኑት ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ፊን ይላል፣ ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ። አንድ ባዶ ጠርሙስ ያዙ።

ቲፕ መስጠት ግዴታ ነው?

አይደለም። አስተናጋጁ ደመወዝተኛ ነው። ደስ ካላችሁ ሳንቲሙን ወይም አንድ ሁለት ዩሮ መተው በቂ ነው። ደረሰኙ ላይ ለዳቦ ወይም ለመስተንግዶ ተብሎ በሰው ከ1 እስከ 3 ዩሮ ተጨምሮ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ይህ ቲፕ አይደለም። ከመቀመጣችሁ በፊት የምግብ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ዋጋ የማይታይበት ዝርዝር ከሰጧችሁ ወይም ዓሣ «በ100 ግራም» ከተባለ ሳታፍሩ ጠቅላላውን ጠይቁ።

ኮሎሲየምና ቫቲካን መግቢያቸው ስንት ነው? የከተማ ፓስ ያዋጣል?

የኮሎሲየም መደበኛ ትኬት 18 ዩሮ ነው፤ ፎረሙን፣ ማለትም የጥንቱን የከተማ አደባባይ ፍርስራሽ፣ እና የፓላቲኖን ኮረብታ ይጨምራል። የቫቲካን ሙዚየም 20 ዩሮ ነው፤ በኢንተርኔት አስቀድሞ ለመያዝ 5 ዩሮ ይጨመራል። ፓንቴዎን እስከ 2023 በነጻ ይገባበት ነበር፤ ከዚያ ዓመት ጁላይ ጀምሮ የ5 ዩሮ ትኬት ተደረገበት። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ኮሎሲየምንና ሌሎቹን የመንግሥት ሙዚየሞች ከየትም አገር ቢመጣ በነጻ ያያል፤ ስሙ የተጻፈበት የነጻ ትኬት ግን መያዝ አለበት። ቫቲካን የራሱ ሕግ ያለው ሌላ አገር ስለሆነ ይህ እዚያ አይሠራም።

ገንዘብ የሚባክነው ትኬቱ ውድ ስለሆነ አይደለም፤ ዘግይታችሁ ስትፈልጉት ነው። የኮሎሲየም ትኬት ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን በፊት ነው የሚለቀቀው፤ የቫቲካን ደግሞ 60 ቀን በፊት። ተሽጦ ካለቀ የሚቀራችሁ በሁለትና በሦስት እጥፍ የሚሸጡ ደላሎች ናቸው። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አስቀምጡና በተለቀቀ ዕለት ከራሱ ከቦታው ድረ ገጽ ግዙ። የኮሎሲየም ትኬት በስም ነው። ፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉት፤ መግቢያው ላይ ያመሳክሩታል።

ፓስን (በአንድ ክፍያ መጓጓዣንና የተወሰኑ መግቢያዎችን የሚያጠቃልል ካርድ) በተመለከተ፣ ሮማ ፓስ የሚባለው የቫቲካንን ሙዚየም አይጨምርም። ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ብዙ ናቸው። የምታዩዋቸውን ቦታዎች ዋጋና የመጓጓዣችሁን ደምሩና ከፓሱ ዋጋ ጋር አነጻጽሩ። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ ለሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም።

በነጻ የሚታይ ምን አለ?

ለሮም በጀት ማውጣት የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መግቢያ አይከፈልበትም። የፍተሻውን ሰልፍ ታግሳችሁ ስትገቡ በስተቀኝ ፒየታ የተባለው የሚኬላንጄሎ ሐውልት አለ፤ እመቤታችን የልጇን አስከሬን ታቅፋ። ጠዋት በጊዜ ከደረሳችሁ ሰልፉ አጭር ነው። ጉልላቱ ላይ መውጣት ግን በክፍያ ነው። በእግር 551 ደረጃ ነው፤ ሊፍቱ ዋጋ ይጨምራል፣ ከሊፍቱ በኋላም 320 ደረጃ ይቀራል።

ከዚያ አብያተ ክርስቲያናቱ አሉ። ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ ግቡ፤ የሚኬላንጄሎ የሙሴ ሐውልት እዚያ ነው። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ውስጥ በካራቫጆ የተሣሉ ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። ጸሎት ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ሳንቲም ሲገባ መብራቱ ይበራል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። መጀመሪያ ጨለማው ውስጥ ቆሜ ሌላ ሰው እስኪከፍል እጠብቅ ነበር። ሳንቲሟን ራሴ ስጨምር፣ ከጠረጴዛው ጎን በኩል የገባው ብርሃን ማቴዎስ ፊት ላይ ሲያርፍ ሳይ፣ ከጉዞው ሁሉ በርካሽ ያገኘሁት ትልቁ ነገር እሱ ሆነ። የ50 ሳንቲምና የ1 ዩሮ ዝርዝር ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ። ሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎና ሳንትአጎስቲኖም የካራቫጆ ሥዕል አላቸው። ብዙዎቹ እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓት ይዘጋሉ፤ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ሂዱ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ አለበለዚያ በር ላይ ስካርፍ በውድ ትገዛላችሁ።

ፒያሳ ናቮና ከነምንጮቹ፣ የካምፒዶሊዮ ኮረብታና ከጀርባው ቁልቁል የሚታየው ፎረም፣ የጃኒኮሎ ከፍታ ሲመሽ፤ ለእነዚህ አንድም አይከፈልም። የትሬቪን ምንጭ ከአደባባዩ ላይ ማየት በነጻ ነው፤ ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ ግን ቀን ላይ ወደ ገንዳው ጠርዝ ለሚወርድ ጎብኚ 2 ዩሮ አለ። ገንዳው ውስጥ የሚጣለው ሳንቲም ተለቅሞ ካሪታስ ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል።

የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁሉም ነጻ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ለመንግሥት ሙዚየሞችና ቅርሶች፤ ኮሎሲየምና ፓንቴዎንም ይገቡበታል። የቫቲካን ሙዚየም ደግሞ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ነጻ ነው፤ መግቢያው 12፡30 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30፣ ይዘጋል። ዋጋው ግን ሰልፉ ነው። 5 ቀን ብቻ ላለው ሰው ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ ቆሞ 18 ዩሮ ማትረፍ አልመክርም። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድና ቀን የተረፈው ከሆነ ግን፣ በሩ ከመከፈቱ ቀደም ብሎ ይድረስ።

የቪዛው ወጪ ስንት ነው? ባንክ ውስጥ ስንት ማሳየት አለብኝ?

ፓስፖርታችሁ የሼንገን ቪዛ የሚጠይቅ ከሆነ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45፣ ከ6 በታች ነጻ። ማመልከቻ የሚቀበለው ማዕከል የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም፤ ስለዚህ እንደወጣ ቁጠሩት። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ከ6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር። ወደ መጨረሻው አታስጠጉት።

ጣልያን ለመግቢያ የምትጠይቀው የገንዘብ መጠን በሠንጠረዥ የተቀመጠ ነው። ከ6 እስከ 10 ቀን ለሚቆይ አንድ ሰው በቀን 44.93 ዩሮ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ለሚሄዱ በሰው 26.33። ለ6 ቀን አንድ ሰው 269.58 ይመጣል። ይህ ወለሉ ነው። ከላይ እንዳየነው ሮም ውስጥ የሚወጣው ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ ለወለሉ ብቻ የሚበቃ ሂሳብ ይዛችሁ አትቅረቡ። አንድ ሳምንት ሲቀረው በድንገት የገባ ብዙ ገንዘብም ጥያቄ ያስነሳል። ደመወዛችሁ ወይም የሥራ ገቢያችሁ በየወሩ ሲገባ የሚታይበት ሂሳብ ይሻላል።

ቪዛው ሳይወጣ የአየር ትኬትና ሆቴል ልክፈል?

ሆቴሉን በነጻ መሰረዝ የሚቻለውን ያዙ፤ የመሰረዣውን የመጨረሻ ቀን ጻፉት። ለአየር ትኬቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ቡኪንግ፣ ማለትም ቦታ መያዙን የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ የተከፈለ ትኬት አይደለም። የማይመለስ ትኬት ቀድሞ መግዛት ርካሽ ይመስላል፤ ቪዛው ቢዘገይ ወይም ባይሰጥ ግን የጉዞውን ትልቁን ወጪ በአንድ ቀን ታጣላችሁ። ቪዛ ሲወጣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምር እንኳ ያ ጭማሪ የአእምሮ ሰላም ነው።

ካርድ ይሻላል ጥሬ ገንዘብ?

ሁለቱም። ካርድ የማይሠራበት ቦታ ሮም ውስጥ ጥቂት ነው፤ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያኑ ሣጥን ግን ሳንቲም ያስፈልጋል። ከመውጣታችሁ በፊት ባንካችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ካርዱ ውጭ አገር እንዲሠራ ተከፍቷል? በእያንዳንዱ ግዢና ወጪ ስንት ኮሚሽን ይቆረጣል? ኮሚሽኑ በየወጪው የሚቆረጥ ቋሚ ክፍያ ከሆነ ከኤቲኤም ትንሽ ትንሽ እየደጋገማችሁ አታውጡ።

ብዙ ሰው የሚሸወድባት አንዲት ጥያቄ አለች። የካርድ ማሽኑ ወይም ኤቲኤሙ «በዩሮ ልክፈል ወይስ በአገርዎ ገንዘብ?» ይላል። የአገር ገንዘብ ስለሚታወቅ እጅ ወደዚያ ይሄዳል። ዩሮውን ምረጡ፣ ሁልጊዜ። የአገራችሁን ገንዘብ ከመረጣችሁ ምንዛሪውን የሚወስነው ባንካችሁ መሆኑ ይቀርና የማሽኑ ባለቤት ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ለራሱ የሚጠቅመውን ነው የሚያደርገው። ኤቲኤም ስትፈልጉ ባንክ ግድግዳ ላይ ያለውን ምረጡ፤ የቱሪስት መንገድ ላይ ለብቻቸው የቆሙት ክፍያቸው ከበድ ይላል። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ በጥሬው ይዞ የሚገባ ለጉምሩክ ማስመዝገብ አለበት።

ሳላውቅ ልቀጣባቸው የምችላቸው ነገሮች አሉ?

አሉ። የስፔን ደረጃዎች በሚባሉት ላይ ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ ከ250 እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ታሪካዊ ምንጮች ውስጥ እግር መንከርም ያስቀጣል። በ5 ቀን የቆጠባችሁት በአንድ ፎቶ ይሄዳል። መንገድ ላይ «ስጦታ ነው» ብሎ እጃችሁ ላይ ክር የሚያስርን ሰው ደግሞ እጃችሁን ሰብስባችሁ እለፉት፤ ካሰረ በኋላ ገንዘብ ይጠይቃል።

ከገዛሁት ዕቃ ላይ ግብር ይመለስልኛል?

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትኖሩ ከሆነ አዎ። ጣልያን ውስጥ መደበኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ 22 በመቶ ነው፤ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በአንድ ሱቅ ከ70 ዩሮ በላይ ለገዛ ሰው ይመለሳል። ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ፓስፖርት አሳዩና የታክስ ተመላሽ ቅጽ ጠይቁ፤ በኋላ አይሠራም። አመላሾቹ ድርጅቶች ኮሚሽን ስለሚወስዱ እጃችሁ የሚገባው ሙሉው ታክስ አይደለም። ኤርፖርት ላይ ዕቃውን አሳዩ ሊሏችሁ ስለሚችሉ ሻንጣው ከመግባቱ በፊት ጨርሱት። ይህን ገንዘብ በጀት ውስጥ አታስገቡት፤ ሲመለስ ተመለሰ ነው።

ካርዴ ወይም ቦርሳዬ ቢሰረቅስ?

ሜትሮና 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ የኪስ ሌቦች ይበዛሉ፤ አውቶቡሱ ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን አካባቢ ስለሚሄድ ሁሌ በቱሪስት የተሞላ ነው። ሁለት ካርድ ይኑራችሁ፤ ሁለተኛው ማረፊያችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ያን የማይነካ 100 ዩሮም እዚያው ከካርዱ ጋር አኑሩት። የፓስፖርታችሁንና የቪዛውን ፎቶ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ።

ከተሰረቃችሁ መጀመሪያ ካርዱን አዘጉ፤ የባንካችሁ ስልክ ቁጥር በወረቀት የተጻፈ ቢኖር ይሻላል፣ ስልኩ አብሮ ሊሄድ ይችላልና። ቀጥላችሁ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ካራቢኒየሪ (ሌላው የጣልያን ፖሊስ) ሄዳችሁ አመልክቱ፤ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ነው። የሚሰጧችሁን የማመልከቻ ወረቀት አትጣሉ። መድን ድርጅቱም፣ አዲስ ፓስፖርት የሚሰጣችሁ ኤምባሲም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።